የሙሽራ መኪናችንና የእትዬ ታደሉ ቤንዚን

ባለፈው ሰሞን መናኸሪያው በር ላይ ባጃጅ ስጠብቅ አንዱ ሾፌር ከውሃ ላስቲክ ወደ ባጃጁ ቤንዚን ሲገለብጥ ጫማዬ ላይ አፈሰሰብኝ። ልጁ ደንግጦ ይቅርታ ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ጫማዬን ትቼ ሽታውን እስበዋለሁ። አየት አድርጎኝ «እህቴ፣ ልቅዳልሽ እንዴ?» አለኝ። አንድ ሁለት ቃል መለስኩለትና በእግሬ ሄድኩ። ትዝታ የሚጽፉ ሰዎች ሽበት ያላቸው፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው መንገደኛ የሚቆጥሩ ናቸው። እኔ ገና ሠላሳ አልሞላኝም፤ ቁጭ ብዬ ሻይ እንኳ መጨረስ አልወድም። ግን በጦርነቱ በእኛ ከተማ ላይ ያለፈው ሁሉ ካለፈ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ነገር በሙሉ የአያቶቻችን ዘመን መስሎ ይታየኛል። ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ ስል ራሴም አላምነውም።

አባቴ ምስጋናው የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ ደሴ ወርዶ ክሬም ቀለም ያላት፣ በዕድሜ እኔን ብዙ የምትበልጥ የቤት መኪና ገዝቶ መጣ። ሰቆጣ ያኔ አይሱዙና ፒክአፕ እንጂ የቤት መኪና ብዙም አታውቅም፤ መንገዱም አይመችም። ስለዚህ የኛዋ ሥራ አንድ ብቻ ሆነ፤ ሙሽራ መጫን። ሰፈርተኛው «ሙሽሪት» ብሎ ስም አወጣላት። በጥር ቅዳሜና እሑድ ኮፈኗ ላይ አሻንጉሊት ይታሰራል፣ ከፊት እስከ ኋላ ሮዝ ሪባን ይወጠራል፣ እናቴ በሠራችው ዳንቴል የተሸፈነው የኋላ ወንበር ላይ ሙሽራዋ ትቀመጣለች። ቬሎው ከወልድያ በኪራይ ነበር የሚመጣው፤ ለረጅም ሴት የተሰፋ ስለሆነ የኛ አገር ሙሽሮች ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ሰብስበውት ነው የሚዳሩት። የሚዜዎቹ የሱፍ እጅጌ ጣታቸው ድረስ ይወርዳል፤ ጓንቱ ግን ነጭ ነው። በመኪናዋ የሚከፈተውን የሰርግ ዘፈን ካሴት አንድ ቦታ ላይ ቴፑ ስለበላው ዘፋኙ መሀል ላይ ድምፁ ይወፍርና መልሶ ይቀጥናል። እኛ ዘፈኑ ድሮም እንደዚያ የተዘፈነ ይመስለን ነበር። ዛሬ ያንኑ ዘፈን በስልክ ስሰማው ጤነኛው ድምፅ ነው የሚደብረኝ።

አባቴ ስለ መኪናዋ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚናገረው ካርቡሬተር የላትም የሚለውን ነው። «ኢንጀክሽን ናት» ይላል፣ ዲያቆን ግዕዝ ሲያነብ እንደሚጠነቀቀው ተጠንቅቆ። ቤንዚኑን በፖምፓ ገፍታ፣ ለክታ፣ በቀጭን ቀዳዳ ነው የምትረጨው፤ እንደ ሌላው መኪና ያገኘችውን አትውጥም። እኔም ይህንን ትምህርት ቤት ወስጄ ጓደኞቼ ላይ እኮራበት ነበር። አንዳቸውም አልገባቸውም፣ እኔም አልገባኝም።

ቤንዚኑን በጀሪካን የሚገዛው ከእትዬ ታደሉ ነው። ማደያው ባዶ የሚሆንበት ቀን ይበዛ ስለነበር ከተማው የሚነዳው በእሷና በመሰሎቿ ጠርሙስ ነበር ማለት ይቻላል። ከመናኸሪያው ወደ ታች በሚታጠፈው ጥግ፣ የቢራ ሳጥን ላይ ጠርሙሶቿን ደርድራ፣ በተቆረጠ ላስቲክ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ጨርቅ ወጥራ ሰው እያየ አጥልላ ትቀዳለች። ያኔ የአንዱ ጠርሙስ ዋጋ ዛሬ ለአጭር ጉዞ ለባጃጅ የምከፍለውን አይሞላም። ባሏ ከሞተ በኋላ ቤቷን ያቆመችው በዚያች ጥግ ነው። ከእናቴ ጋር ደግሞ የማርያም ማህበር ይጠጣሉ። ሁለቱ ሲገናኙ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣንኛ ነው የሚያወሩት፤ አባቴ የወልድያ ሰው ስለሆነ አይሰማም፤ ሲገባ ወሬውን ወደ አማርኛ ይመልሱለታል፣ ግማሹን ብቻ።

መኪናዋ ማስቸገር የጀመረችው ከገና በኋላ ነው። ጠዋት በዚያ ብርድ ቁልፉ ይዞራል፣ ማስነሻው ሞተሪኖ ያጓራል፣ ያጓራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ብዙ ከተለፋ በኋላ አስነጥሶ፣ ተንቀጥቅጦ፣ ነጭ ጭስ አውጥቶ ይነሳል። አንዴ ከተነሳ ቀኑን ሙሉ ደህና ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ያው። አባቴ መጀመሪያ ባትሪውን ጠረጠረ፤ ከጎረቤት አይሱዙ አውርዶ ቀየረው፣ ያው ሆነ። ከዚያ እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች ፈታ። አራቱንም የእናቴ ከሰል ምድጃ ላይ ደርድሮ ያግላቸዋል፣ እኔ በጨርቅ ጠቅልዬ ሳይቀዘቅዙ ይዣቸው እሮጣለሁ። እናቴ ወጡ ሊያርርባት «ምድጃዬን ጋራዥ አደረጋችሁት» ትላለች። ካንዴላው ሲግል ትነሳለች፣ በማግስቱ መልሳ ታምጻለች። ቀጥሎ ፖምፓ። እኔ የኋላ ወንበሩ ላይ ተኝቼ ጆሮዬን ወለሉ ላይ ለጥፌ፣ እሱ ቁልፉን ሲከፍት ንብ የመሰለ ድምፅ መኖሩን እነግረዋለሁ። ድምፁ አለ። ከከተማው መካኒኮች አንዱን ጠራነው፤ ኮፈኑን ከፍቶ ረጅም ጊዜ አየና ይህን ሁሉ ነገር አውጥተን ካርቡሬተር እንግጠምላት አለ። አባቴ ሻይ እንኳ ሳያስጠጣው ሸኘው። ቤንዚኑን የሚያጣራውን ፊልትሮ ግን ማንም አልነካውም። ከደሴ የመጣ አዲስ ነው፣ አዲስ ነገር ደግሞ አይጠረጠርም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን አውጥቶ ያያል። «ጋሽ ምስጋናው፣ ሙሽሪት ዛሬም አኮረፈች?» ይላሉ። እኔ የኋላ ወንበሩ ላይ ተኝቼ ነኝና እንዳያዩኝ ቀና አልልም። ያፈርኩት በመኪናዋ ነበር። ያኔ ማፈር ምን እንደሆነ የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ከጥምቀት ማግስት ሰርግ ነበረ። ሙሽራው ወደ አገሩ ደሃና ሊወስዳት ነው፤ እስከ ከተማው መውጫ በሙሽሪት፣ ከዚያ ወዲያ በሌላ መኪና። አባቴ ጠዋት በመከራ አስነስቶ ሙሽራዋ ቤት በር ላይ አቆማትና፣ ቤንዚን እንዳይባክን ብሎ አጠፋት። ምርቃቱ ረዘመ፣ ሞተሩም መልሶ በረደ። ሙሽራዋ ወጥታ ገባች፣ ሚዜዎቹ ገቡ፣ ዘፈኑ ደመቀ፣ ቁልፉ ዞረ። ሞተሪኖው አጓራ። ዘፋኞቹ አንድ ዘፈን ጨረሱ፣ ሌላ ጀመሩ፣ እሱንም ጨረሱ፤ ከዚያ ከሙሽራው ወገን አንዷ መኪናዋን በግጥም ሞሸረቻት፣ ሰዉ ሁሉ ተቀበላት። ሙሽራ ከቤቷ ወጥታ መንገድ ላይ ስትቆም ለክፉ ይታያልና የሙሽራዋ እናት ማልቀስ ጀመረች። በመጨረሻ አንድ አይሱዙ ተለምኖ መጣ። ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ አንድ እግሯን መወጣጫው ላይ ስታደርግ ሚዜዎቹ ከታች ደገፏት፤ የራሷ ሻሽ በሩ ላይ ተያዘ፣ ሳያዩት ዘጉበት፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ ነጩ ጨርቅ እየተውለበለበ ሄደ። አባቴ አሻንጉሊቱን ከኮፈኑ በራሱ እጅ ፈታው። አንድ ሰው መኪናህ ምን ሆነች ብሎ ጠየቀው።

«መኪናዬ ምንም አልሆነች» አለ አባቴ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ታደሉ ውሃ ሸጣልኝ ነው።»

ሰርግ ቤት የተነገረ ወሬ ከተማውን ለማዳረስ ቀን አይፈጅበትም። በማግስቱ በጥጉ ሳልፍ ጠርሙሶቹ እንደተደረደሩ ናቸው። ባጃጆቹ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ያልፋሉ። በሦስተኛው ቀን እትዬ ታደሉ ቤታችን መጣች። አባቴ ግቢ ውስጥ ነበር፤ እናቴ ወንበር አወጣች፣ አልተቀመጠችም።

«ጋሽ ምስጋናው፣ ውሃ ብሸጥ ኖሮ ከርስዎ በፊት ባጃጆቹ አይቆሙም ነበር?» አለችው።

«ባጃጅ ካርቡሬተር ነው፤ ያገኘውን ይውጣል። የኔዋ ትለያለች።»

«እኔ በዚያች ጥግ ነው የማድረው። ይህን ያውቃሉ።»

አባቴ ትከሻውን ነቀነቀ። እኔ ደግሞ፣ ዛሬ ስጽፈው ፊቴ ይግላል፣ ያቺን የካርቡሬተር መልስ አድንቄለት ፈገግ ብዬ ነበር። ሴትዮዋ ፈገግታዬን አይታለች። የቀረበላትን ውሃ ሳትነካ፣ የወሩ ማህበር እናንተ ቤት ነውና በማርያም ፊት እንገናኛለን ብላ ሄደች።

በዚያው ቀን ከሰዓት አባቴ ፊልትሮውን ፈታው። እሱ መኪናዋ ሥር በጀርባው ተኝቷል፣ እኔ ካቻቢቴና ቁልፍ አቀብላለሁ። ወጥቶ ተቀመጠና ፊልትሮውን ነጭ ሳህን ላይ ገልብጦ አራገፈው። ቤንዚን ወረደ፣ ከሥሩ እንደ እንባ የሚንከባለል ውሃ ታየ። «ይኸው!» ሊል አፉን ሲከፍት ከውሃው ጋር ሌላ ነገር ወረደ፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ የደቀቀ። በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ አሸተተው። በእኛ ቤት ያንን ሽታ የማያውቅ የለም። እናቴ ጠላ ትሸጥ ነበር፤ ጋኖቿን በግራዋ ቅጠል ጨምቃ፣ ፈትጋ፣ ሦስት ጊዜ አለቅልቃ ነው የምታጥበው፤ በንጽሕናዋ ስም ስላላት ሰው ከላይኛው ሰፈር ድረስ ይመጣ ነበር። አባቴ ከሳህኑ ቀና ብሎ ወደ ግድግዳው አየ። የቤንዚን ጀሪካኑ ከጋኖቹ ጎን ቆሟል፤ ከአዲስ ይበልጣል፣ እጀታው ላይ እንኳ እድፍ የለም፣ አንገቱ ላይ ግን አንዲት የግራዋ ቅጠል ደርቃ ተለጥፋለች። ከዚያ ወደኔ አየ። ሳህኑን አፈር ላይ ደፋው፣ በጫማው አፈር መለሰበት።

«ሂጂ፣ ያንን ጨርቅ አምጪልኝ» አለኝ። ጨርቁ በእጁ ነበር።

ሄድኩ። ጨርቅ እንደምፈልግ ሆኜ ጓዳ ገብቼ ቆምኩ። ያን ማታ ታንከሩን አራግፎ፣ መስመሩን አጥቦ፣ ሌላ ቤንዚን ሞላ። በማግስቱ ጠዋት በዚያው ብርድ ቁልፉ ገና ሲነካ ሞተሩ ተነሳ። አጥር ላይ ላሉት «የታደሉን ውሃ አወጣሁላት!» ሲላቸው ሰማሁት። እንግዲህ የመኪናዋ መዳን ራሱ ሴትዮዋ ላይ ምስክር ሆነ።

እኔ ዝም ማለት የማልችል ሰው ነኝ። መምህር ሲሳሳት እጄን ሳላወጣ የምናገር ነበርኩ። እናቴ ለማህበሩ ጠላ ስታጠልል አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ሳላዞር ነገርኳት፤ ቤንዚኑ ውስጥ የገባው ያንቺ ውሃ ነው፣ ያንቺ ግራዋ ነው አልኳት። መጀመሪያ ተቆጣች። ያን የሚከረፋ ነገር ከጠላዬ ጎን ሲያስቀምጥ ዝም ልበለው ወይ፣ አጥቤ መለስኩለት፣ ምን አጠፋሁ አለች። ጀሪካን ታጥቦ ሲያልቅ ንጹሕ ነው፤ ውስጡ የቀረች ጭላጭ ውሃ ለእሷ ቆሻሻ አይደለችም፤ ጋን ውስጥ ብትቀርም ማንንም አትጎዳም። ቀስ ብሎ ነገሩ ገባት። ማጥለያውን የያዘው እጇ ቆመ።

«አባትሽ አይቶታል?»

«አይቶታል። አፈር አለበሰው።»

ማጥለሏን ቀጠለች። በዚያው ሰሞን ራት ላይ ስለ ታደሉ ምን አሰብክ ስትለው ሰምቻለሁ፤ ምን አስባለሁ ብሎ ጎረሰ። በማግስቱም ጠየቀችው። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀችውም።

የማህበሩ ቀን ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን ሞላ። አባ ኪሮስ፣ የማህበሩ ካህን፣ ዳቦውን ባርከው ጽዋው ከመዞሩ በፊት እንደ ወጉ በመካከላችሁ ቅያሜ ያለው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ይህ ጥያቄ በየወሩ ይጠየቃል፣ ማንም አይመልስም። እትዬ ታደሉ ተነሳች።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ ከዚህ ቤት ጽዋ አልጠጣም። ሌባ ተብዬ እንዴት እጠጣለሁ?»

ሁሉም አባቴን አየ። አባቴ የጋቢውን ጫፍ እየጠቀለለ ይፈታል። አባ ኪሮስ ጠበቁ። እናቴ ጽዋውን ይዛ መሀል ቤት ቆማለች፤ እሷም ጠበቀች፤ አለመቸኮሏን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። አንድ ሰው አፉን ከፍቶ እንዲናገር የሚበቃ ጊዜ ነበር፣ ከሚበቃም በላይ። ከዚያ እሷ ተናገረች።

«ታደሉ አልበደለችም። ጀሪካኑን እንደ ጋን በግራዋ አጥቤ፣ ሳላደርቅ መልሼ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። የሷ ቤንዚን ንጹሕ ነበር።»

ከዚያ ከጥግ አንዷ ሴት እናቴን «አለምነሽ፣ መኪናዋ ውስጥ ጠላ ልትጠምቂ ነበር?» አለቻት፣ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጭንቀት ሲለቅ የሚመጣ ሳቅ ነው፤ ክፋት የለበትም። ክፋቱ የመጣው ከኋላ ነው። አባቴ ጉልበቱን መታና ከሁሉም አብልጦ ሳቀ።

«እንዴ! አንቺ ነሽ እንዴ?» አላት ለሚስቱ። «እኔ ምን አውቄ!»

ተነስቶ ሄዶ እትዬ ታደሉን ትከሻዋን ሳማት፤ የቤቴን ጉድ ሳላውቅ ነውና ይቅር በይኝ አላት። አባ ኪሮስ መረቁ። እኔ የዳቦ መሶብ ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። አፌ ተከፍቷል፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። እናቴ ከሰዉ ትከሻ በላይ አየችኝ። አልተቆጣችኝም፣ አልለመነችኝም፤ አየችኝ ብቻ። ዘጋሁት። እትዬ ታደሉ ጽዋውን ተቀብላ ጠጣች፤ በዚያው ሳምንት ባጃጆቹ ወደ ጥጓ ተመለሱ።

እናቴ ላይ ግን ቀልዱ ተለጥፎ ቀረ። ጠላ ሊጠጣ የገባ ሁሉ ብርጭቆውን እያሸተተ «ዛሬስ ቤንዚን አለው?» ይላል። ፈገግ ትላለች፣ ትቀዳለች። አባቴም አብሮ ይስቃል። መኪናዋን በክፉው ጊዜ ማን እንደወሰዳት ሳናውቅ ወሰዷት፤ ቀልዱን ግን የወሰደው የለም። አባቴ ዛሬም አለ፣ አርጅቷል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሚስቴ መኪናዬን በግራዋ አጠበችልኝ ብሎ ይጀምራል። እንግዳው ይስቃል። እኔ ዕቃ እንደረሳ ሰው ተነስቼ እወጣለሁ። አባቴን እወደዋለሁ፤ ለዚህ ነው የማልቀመጠው።

ከማህበሩ በኋላ በእናቴና በአባቴ መካከል የሆነውን ያየሁት ግን በዚያው ዓመት በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዳገቱ ላይ ነው፤ በዓል ሲሆን ሦስታችንም በመኪናዋ ነበር የምንወጣው፤ እናቴ ከፊት ትቀመጣለች፣ መስኮቱን አውርዳ በእግር የሚወጣውን ዘመድ ሁሉ እጅ እየነሳች። በዚያ ጠዋት አባቴ መኪናዋን አስነስቶ በሩን ከፈተላት። ነጠላዋን አስተካክላ በተከፈተው በር አጠገብ አልፋ ሄደች። ምን ሆንሽ ሲላት እግሬ ደህና ነው አለች። አባቴ በሩን ዘግቶ፣ እኔን ከኋላ ጭኖ ተከተላት። በአንደኛ ማርሽ፣ ከእግሯ ኋላ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ በአንድ በኩል ግንብ፣ በሌላው ገደል፤ መቅደም አይቻልም፣ መዞርም አይቻልም። ነጭ የለበሰው ሰው ግራና ቀኝ ተጠግቶ እያሳለፈን ያየናል።

«ንገሪያት እስኪ፣ ትግባ» አለኝ አባቴ፣ በመስታወቱ ሳያየኝ።

«ምን ብዬ ልንገራት?»

መልስ ጠበቅሁ። እሱ ዝም ባለ ቁጥር ሞተሩ ይበልጥ ይሰማኝ ነበር፤ እንደዚያ ጠዋት ንጹሕ ሆኖ ሠርቶ አያውቅም። በሩን ከፍቼ ወረድኩና ሮጬ እናቴ ላይ ደረስኩ። እጄን ያዘች፤ ወደ ኋላ አላየችም፣ እኔም አላየሁም። አባቴ ከኋላችን ባዶ መኪናዋን ይዞ፣ አንዴም ሳያስነጥስ፣ እስከ ደጀ ሰላሙ ድረስ ተከተለን።